ቤተስዳ 3 ለወጣላት ታካሚ ስንት በመቶ ልበላት?

ጠቅላላ ሐኪም፣ ቡራዩ

ሰላም ለቤቱ። የታይሮይድ (የአንገት እጢ) ሳይቶሎጂ (በመርፌ የተወሰደ ሴል) የምታነቡ፣ አልትራሳውንድ የምትሠሩና አንገት የምትከፍቱ እዚህ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው የማነሳው።

ታካሚዋ 38 ዓመቷ ነው። ቀኝ ሎብ (የእጢው ቀኝ ክንፍ) ላይ 2.4 ሴ.ሜ. እብጠት አለባት፣ ቲኤስኤች (የታይሮይድ ሥራ የሚታይበት የደም ምርመራ) 1.8፣ ድምፅዋ ደህና ነው፣ አንገቷ ላይ የሚዳሰስ ንፍፊት የለም። መርፌው የተወሰደው መሀል ከተማ ነው። ውጤቱ አንድ መስመር ነው፦ «አቲፒያ፣ ቤተስዳ 3፣ ከክሊኒካል ሁኔታው ጋር ይታይ።» (ቤተስዳ የታይሮይድ መርፌ ውጤት የሚመደብበት ባለ ስድስት ምድብ ሰንጠረዥ ነው፤ አቲፒያ ማለት የሴሉ መልክ ከመደበኛው ወጣ ያለ፣ ግን ካንሰር ለማለት የማይበቃ ነው።) የአልትራሳውንዱ ወረቀትም «ቀኝ ሎብ ላይ 2.4 ሴ.ሜ. ድፍን ኖዱል» (ኖዱል ያው እብጠቱ ነው) ብሎ ያበቃል።

ቤተስዳ 3 ካንሰር የመሆን ዕድሉ ስንት እንደሆነ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች አገኘሁ። አንዱ 5–15%፣ ሌላው 10–30%፣ ሦስተኛው በአማካይ 22% ይላል። የትኛውን ልያዝ? ቁጥሩስ ቀጥሎ የማደርገውን ይለውጠዋል? መርፌው ይደገም ካልኩ እንደገና ትራንስፖርት፣ እንደገና ክፍያ፣ እንደገና አንድ የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ ያለ ምክንያት ባልካት ደስ ይለኛል።

ስላይድ አንባቢ

ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ የወጡበት ዘመን ነው የሚለያየው። 5–15% እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የመጀመሪያው የቤተስዳ እትም ነው። 10–30% የ2017ቱ ነው። 22% ከ13 እስከ 30 ካለው ክልል ጋር የ2023ቱ ሦስተኛ እትም ነው። ለዛሬ ሥራ የመጨረሻውን ያዝ። ሙሉው እንዲህ ነው፦ 1ኛው (በቂ ያልሆነ ናሙና) 13%፣ 2ኛው (ካንሰር ያልሆነ) 4%፣ 3ኛው (አቲፒያ) 22%፣ 4ኛው (ፎሊኩላር ኒዮፕላዝም፣ ከእጢው ፎሊክል ሴሎች የተነሳ ዕጢ) 30%፣ 5ኛው (ለካንሰር የሚያጠራጥር) 74%፣ 6ኛው (ካንሰር) 97%። ሁሉም አማካይ ናቸው፣ ለአዋቂ ብቻ። ለልጆች የተለየ ሰንጠረዥ አለ፣ እዚያ 3ኛው 28%፣ 4ኛው 50% ይደርሳል።

አሁን ዋናው ነገር። እነዚህ ቁጥሮች በአብዛኛው የተቆጠሩት ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ሰዎች ነው፣ ምክንያቱም «ካንሰር ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ የሚዘጋው የተቆረጠው ሥጋ ነው። በምሳሌ እንየው። አንድ ላብራቶሪ 100 ሰው ላይ ቤተስዳ 3 ሰጠ እንበል። ከነዚህ 40ው ተቆርጠው 10 ካንሰር ተገኘ። 10ን ለ40 ብታካፍል 25% ነው። ለ100 ብታካፍል 10% ነው። ያልተቆረጡት 60ዎቹ ውስጥ አንድም ካንሰር ከሌለ 10% ልክ ነው፤ የተቆረጡትን ያህል ካለ 25% ልክ ነው። እውነቱ በሁለቱ መካከል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ወደ ታችኛው ይጠጋል፣ ምክንያቱም ቀድሞ የሚቆረጠው አልትራሳውንዱ ያስፈራው ነው። ስለዚህ ገና መርፌ ወስዳ ለተቀመጠች ሴት 22% ጣሪያ እንጂ ወለል አይደለም።

ቤተስዳ 2 ላይ ይህ አድልዎ ይብሳል። «ካንሰር የለም» ተብሎ የሚቆረጥ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚቆረጠውም ወይ እብጠቱ ትልቅ ስለሆነ ወይ ምስሉ ስላላማረ ነው። የ4%ን ቁጥር አይተህ የቤተስዳ 2 ታካሚህን አታስደንግጥ።

ሌላ ደግሞ፦ እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ በሽፋኑ የታሰረ፣ የማይወርር፣ የፓፒላሪ (አንዱ የታይሮይድ ካንሰር) ዓይነት ኒውክለስ (የሴሉ እምብርት) ያለው ፎሊኩላር ዕጢ «ካንሰር» ከሚለው ስም ወጥቷል። እሱን ከካንሰር ቁጥር ስታወጣው የቤተስዳ 3 አማካይ ከ22 ወደ 16% አካባቢ ይወርዳል። መቆረጡ ግን አይቀርም፣ ያለ ቀዶ ጥገና ስለማይለይ። «ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ነገር» እና «ካንሰር» የሚሉት ቃላት እዚህ ላይ ይለያያሉ።

የላብራቶሪውንም ጠባይ ጠይቅ። ከጠቅላላ የታይሮይድ መርፌ ውጤቶቻቸው አቲፒያ ከ10% እንዳይበልጥ ይመከራል። ከአራት ስላይድ (ሴሉ የተዘረጋበት መስታወት) አንዱን አቲፒያ የሚል ቤት ካለ የእሱ ቤተስዳ 3 ውስጥ ብዙ ደህና ሰው ገብቷል፣ ስለዚህ የእሱ 3 ከሰንጠረዡ በታች ነው። በጣም ቆጥቦ የሚሰጥ ቤት ደግሞ በተቃራኒው።

አቲፒያውስ ምን ዓይነት ነው? ይህን ስልክ ደውለህ ጠይቅ። ሦስተኛው እትም ኒውክለሱ ላይ የታየውን አቲፒያ ከሌላው (ለምሳሌ ከሴሎቹ አደራደር ብቻ) ለይቶ እንዲጻፍ ይፈልጋል። የኒውክለሱ አደጋ ይበልጣል። «አቲፒያ» ብቻ ብሎ የተወ ወረቀት ግማሽ ውጤት ነው።

ላብ ሠራተኛ፣ ሰበታ

ቁጥሩ ሳይመጣ ስላይዱ ይጠየቅ ባይ ነኝ። ብዙ ቤተስዳ 3 የሚፈጠረው በሽታው ውስጥ ሳይሆን መርፌው ከወጣ በኋላ ባሉት አስር ሰከንዶች ውስጥ ነው።

በአልኮል የሚነከር ስላይድ ከተዘረጋ ወዲያው፣ ሳይደርቅ፣ 95% አልኮል ውስጥ መግባት አለበት። በመሀል «ትንሽ ይቆይ» ከተባለ ሴሉ ይደርቅና ኒውክለሱ ይተልቃል፣ ይገረጣል። አንባቢው ተለቅ ያለና የገረጣ ኒውክለስ ሲያይ ወደ ፓፒላሪ ካንሰር ያስባል፣ ግን እርግጠኛ ስላልሆነ አቲፒያ ይላል። ቆዳ የምንጠርግበት 70% አልኮል ምትክ አይሆንም። በአየር የሚደርቀው (ለጊምሳና ራይት ቀለም) ደግሞ በቶሎ መድረቅ አለበት፤ ሱሉልታና እንጦጦ ግርጌ ክረምት ላይ ጠረጴዛ ላይ ትተኸው ብትሄድ ቀስ ብሎ ደርቆ ይበላሻል። ቀዝቃዛ ነፋስ የሚሰጥ የፀጉር ማድረቂያ ወይም ተራ ቬንትሌተር በቂ ነው። ሙቅ አይሁን።

ሌላ ስህተት፦ በአየር የደረቁትን ስላይዶች ከፎርማሊን (የተቆረጠ ሥጋ የሚቆይበት ፈሳሽ) ዕቃ ጋር በአንድ ካርቶን ማሸግ። የፎርማሊኑ ትነት ጊምሳውን ያበላሸዋል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ ዝርዝሩ ይጠፋል። ከዳር ወደ መሀል የሚላክ ናሙና ብዙ ጊዜ ከሌላ ባዮፕሲ ጋር ስለሚጓዝ ይህ ደጋግሞ ይደርሳል። ለብቻ ያዝዋቸው።

ጄሉም አለ። የአልትራሳውንድ ጄል ከመርፌው ጋር ገብቶ ስላይዱ ላይ ወይን ጠጅ ቆሻሻ ይሆናል፣ ሴሉን ይሸፍናል። መርፌ ከመግባቱ በፊት ይጠረግ፤ ፕሮቡን በአልኮል ማርጠብም ይቻላል።

ስላይድ አንባቢ

ከላይ ባለው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ልጨምር፦ በቂ ናሙና ማለት ቢያንስ 6 ክምችት የፎሊክል ሴሎች፣ በእያንዳንዱ ቢያንስ 10 ሴል ነው። ይህ ካልሞላ ቤተስዳ 1 ነው፤ ነገር ግን ብዙ ወፍራም ኮሎይድ (እጢው ውስጥ ያለው ዝልግልግ ነገር) ካለ፣ ወይ ግልጽ የሆነ የሊምፎሳይት (የነጭ ደም ሴል) ብግነት ካለ፣ ወይ ደግሞ ጥቂቱም ሴል ቢሆን አቲፒያ ካሳየ ቁጥሩ አይጠበቅም።

የጥያቄ ወረቀቱም ይሞላ። ታካሚዋ ካርቢማዞል ወይም ሌላ የታይሮይድ ማብረጃ መድኃኒት ትወስዳለች? ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ወስዳለች? ሃሺሞቶ (ሰውነት የራሱን ታይሮይድ የሚያጠቃበት በሽታ) አለባት? እነዚህ ሁሉ ኒውክለሱን ያንጋደዱታል። ያልተጻፈለት አንባቢ ያየውን ብቻ ነው የሚጽፈው። መጥፎ ስላይድ ላይ ባዶ የጥያቄ ወረቀት ሲጨመርበት «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚሉት ነው።

ራዲዮሎጂ፣ ለገጣፎ

ጠቅላላ ሐኪሙ፣ ያንተ ትልቁ ጉድለት አልትራሳውንዱ ላይ ነው። «ድፍን ኖዱል» አደጋን አይለካም። ታይ-ራድስ (የታይሮይድ አልትራሳውንድ አደጋ መመዘኛ) ነጥብ የሚሰጠው በአምስት ነገር ነው፦ ውስጡ ምን ይዟል፣ ጥቁረቱ፣ ቅርጹ፣ ዳርቻው፣ ነጫጭ ነጠብጣቡ።

የአንተን ታካሚ እንቁጠር። ድፍን ስለሆነ 2 ነጥብ። ከቀሪው እጢ ጋር እኩል ወይም ከእሱ የነጣ ከሆነ 1፣ ጥቁር ከሆነ 2፣ በጣም ጥቁር ከሆነ 3። ከፍታው ከስፋቱ ከበለጠ 3። ዳርቻው የተቆራረጠ ወይም እንደ ሎብ የተሸነቆጠ ከሆነ 2፣ ከእጢው ውጭ ከወጣ 3። ትንንሽ ደማቅ ነጥቦች ካሉ 3፣ ትልቅ ካልሲየም 1፣ በዙሪያው እንደ ቀለበት የከበበው 2።

አሁን ልዩነቱን ተመልከት። ድፍን እና እኩል ጥላ ከሆነ 2+1=3 ነጥብ፣ ታይ-ራድስ 3 ነው። ታይ-ራድስ 3 መርፌ የሚወጋው ከ2.5 ሴ.ሜ. ጀምሮ ነው፣ ከ1.5 ጀምሮ ክትትል። ያ ከሆነ የአንተ 2.4 ሴ.ሜ. በመጀመሪያውም መርፌ ላያስፈልገው ይችል ነበር! ድፍን እና ጥቁር ከሆነ 4 ነጥብ፣ ታይ-ራድስ 4 ነው፤ ከ1.5 ሴ.ሜ. ጀምሮ ይወጋል፣ ስለዚህ ትክክል ነው። በዚህ ላይ ደማቅ ነጥቦች ካሉ 7 ይሆናል፣ ታይ-ራድስ 5፣ ከ1 ሴ.ሜ. ጀምሮ። አንድ ቃል ያልጻፈ ሰው ሦስቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ደብቋቸዋል።

ይህ ከቤተስዳ 3 ጋር ሲጋጠም ያለውን ውጤት በሒሳብ ላሳይህ። 22% ማለት ካንሰር ያለባቸው 22 ለሌለባቸው 78 ነው፣ 22ን ለ78 ስናካፍል 0.28 ገደማ። ለምሳሌ ያህል፣ አስፈሪ ምስል ይህን በ3 ያባዛዋል ብንል 0.85 ይሆናል፤ ወደ በመቶ ስንመልሰው 46%። ለስላሳ ምስል በ0.4 ያባዛዋል ብንል 0.11 ይሆናል፣ 10%። ሁለቱ ማባዣዎች የእኔ ምሳሌ ናቸው፣ ከመጽሐፍ አልወሰድኳቸውም፤ ግን አንድ ቤተስዳ 3 እንዴት ከ10 እስከ 46 እንደሚሰፋ ያሳያሉ።

ስላይድ አንባቢ

ሒሳቡ ልክ ነው፤ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። ምስሉና ስላይዱ ሙሉ ለሙሉ የተለያዩ ምስክሮች አይደሉም። ኖዱሉ ለመርፌ የተመረጠው ራሱ በምስሉ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ያለ ማመንታት ብታባዛ አንዱን ማስረጃ ሁለቴ ትቆጥራለህ። አቅጣጫውን ተማመንበት፣ አሃዙን ግን አታቅርበው። «46%» ተብሎ ሲጻፍ ታካሚዋ እስከ አስርዮሽ የተለካ ይመስላታል።

ጤና መኮንን፣ ሰንዳፋ

በመሀል ይቅርታ፣ ተያያዥ ጥያቄ ነው። «ካንሰር ሴል አልታየም» ብሎ ከላይ ቤተስዳ 1 የሚል ውጤት ይደርሰናል። ሰዎቹ «ነጋቲቭ ነኝ» ብለው ይጠፋሉ። ምን ይባላሉ?

ስላይድ አንባቢ

ነጋቲቭ አይደለም። «አላየሁም» እና «የለም» ይለያያሉ፣ ያ ዓረፍተ ነገርም በቤተስዳ 1 ወረቀት ላይ መጻፍ የለበትም። ድፍን ኖዱል ከሆነ በአልትራሳውንድ መሪነት ይደገም። መጀመሪያ በእጅ ዳሰሳ የተወጋ ከሆነ ደግሞ ሲደገም በምስል መሪነት ይሁን፣ ያኔ የሚገኘው ሴል ይጨምራል። ፈሳሽ ብቻ የወጣ ከሆነና ምስሉ ላይ ሙሉ በሙሉ ፈሳሽ የሆነ ኪስ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ ስጋቱ ዝቅተኛ ነው። ግማሹ ድፍን ከሆነ ግን መርፌው ድፍኑን ክፍል እንጂ ፈሳሹን እንዳይሆን ይታይ። ፈሳሹን ቀድሞ ቀድቶ የተረፈውን ድፍን ክፍል መውጋት ይሻላል።

ብዙ ኖዱል ያለበት እንቅርት ላይ ደግሞ የትኛው እንደተወጋ ይጻፍ። «ቀኝ ታች፣ 1.8 ሴ.ሜ.» የማይል ወረቀት ነገ በሌላኛው ኖዱል ላይ ይነበባል።

አንገት ቀዶ ጥገና

ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም ታካሚዎቹ በመጨረሻ ወደ እኛ ነው የሚመጡት።

ቤተስዳ 3 ብቻውን የቀዶ ጥገና ቲኬት አይደለም። ቅደም ተከተሉ፦ የምስሉ ነጥብ ይቆጠር፣ አቲፒያው ምን እንደሆነ ይጠየቅ፣ መርፌው ይደገም። ብዙዎች ሲደገም ወደ 2 ይወርዳሉ። ሲደገምም 3 ከሆነ፣ ወይም ምስሉ ታይ-ራድስ 5 ከሆነ፣ ያኔ ግማሽ እጢ (ያንን ሎብ ብቻ) ማውጣት ይታሰባል። ሙሉውን አይደለም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሌላው ሎብ ሲተርፍ ሆርሞን ያመርታል፣ የሌላኛው ወገን የድምፅ ነርቭና የካልሲየም እጢዎች አይነኩም። ሙሉው የወጣለት ሰው ዕድሜ ልኩን ሌቮታይሮክሲን (የታይሮይድ ሆርሞን መተኪያ) በየቀኑ መዋጥ አለበት፤ መድኃኒቱ በተቋረጠ ቁጥር ፋርማሲ ለመፈለግ ከሰንዳፋ ወይም ከሆለታ ለሚመጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በግማሹም ቢሆን ለአንዳንዱ መድኃኒቱ ይቀራል፤ ቀድሞ ይነገረው።

ቤተስዳ 4 ላይ አንድ አለመግባባት አለ። «መርፌው ይደገምና ካንሰር መሆኑ ይለይ» የሚሉ አሉ። አይለይም። ፎሊኩላር አዴኖማ (ካንሰር ያልሆነው ዕጢ) እና ፎሊኩላር ካንሰር በሴል መልካቸው አንድ ናቸው፤ የሚለዩት ዕጢው ሽፋኑን ወይም የደም ሥሩን ጥሶ እንደሆነ ሲታይ ብቻ ነው። መርፌ ሽፋኑን አያሳይም። ስለዚህ ከምስሉ ጋር የማይጋጭ 4 በአብዛኛው ግማሽ እጢ ወጥቶ ሽፋኑ ዙሪያውን ለፓቶሎጂ ይቀርባል። የአዮዲን እጥረት ባለበት አገር ደግሞ የፎሊኩላሩ ድርሻ ከፓፒላሪው አንጻር ከፍ ይላል፤ የአገራችንን ሰንጠረዥ ከሌላው ስናስተያይ ይህ ይታሰብ።

ከቁጥር በላይ የሚመዝኑ ነገሮችም አሉ፦ የድምፅ መጎርነን፣ ሲዋጡ የማይንቀሳቀስ ደረቅ እብጠት፣ በልጅነት አንገት ላይ የተሰጠ ጨረር፣ ቤተሰብ ውስጥ የታይሮይድ ካንሰር፣ የሚያድግ ንፍፊት። እነዚህ ካሉ በ3 ላይም ቶሎ ይላኩ። ቤተሰብ ውስጥ የሜዱላሪ (ሌላ የታይሮይድ ካንሰር ዓይነት) ታሪክ ካለ ካልሲቶኒን የሚባለው የደም ምርመራ ይታዘዝ፤ መርፌው ሜዱላሪውን ሊስተው ይችላል።

ራዲዮሎጂ፣ ለገጣፎ

መቼ ይደገም የሚለው ላይ አንድ ልዩነት አለን መሰለኝ። ብዙ ቤቶች 3 ወር ይጠብቃሉ፣ መርፌው ራሱ የሚያመጣው የጥገና ለውጥ እንደ አቲፒያ እንዳይነበብ። እኔ ለሁሉም ግዴታ ነው አልልም። ታይ-ራድስ 5 ከሆነ አልጠብቅም፤ ታይ-ራድስ 3 ወይም 4 ከሆነ ግን ታካሚዋም ትረጋጋለች፣ መጠበቁ ጉዳት የለውም።

አንገት ቀዶ ጥገና

በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን «3 ወር ቆይተሽ ነይ» ከተባለ ቀኑ ይጻፍ፣ ስልኳ ይያዝ፣ ወረቀቱ ላይ የሚደገምበት ምክንያት ይኑር። ካለዚያ በአምስተኛው ወር ሌላ ክሊኒክ ሄዳ ከሀ ትጀምራለች።

ጠቅላላ ሐኪም፣ ቡራዩ

ደወልኩ። ምስሉን እንደገና አስነበብኩ፦ ድፍን፣ ጥቁር፣ ዳርቻው ለስላሳ፣ ስፋቱ ከከፍታው የበለጠ፣ ነጠብጣብ የለም። 2+2=4፣ ታይ-ራድስ 4። የሳይቶሎጂው ቤት ደግሞ አቲፒያው የአደራደር እንጂ የኒውክለስ እንዳልሆነ፣ ስላይዱም በደም የተቀላቀለ እንደነበር ነገረኝ። መድኃኒት አትወስድም።

አሁን ለእሷ ምን ቃል ልጠቀም?

ስላይድ አንባቢ

እንዲህ ብትላትስ፦ «እንዲህ ዓይነት ውጤት ወጥቶባቸው ከተቆረጡ 100 ሰዎች 22 ያህሉ ላይ ካንሰር ተገኝቷል፣ 78ቱ ላይ አልተገኘም። ያልተቆረጡት ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚህ ያነሰ ነው። የአንቺ ምስል ከሚያስፈሩት ወገን አይደለም። ስላይዱ በደም ስለተበረዘ ጥሩ ናሙና እንፈልጋለን፤ መርፌው የሚደገመው ለዚህ ነው።» «ካንሰር ተጠርጥሯል» አትበል፤ 5ኛውን ምድብ ነው ያ የሚገልጸው። «ምንም የለም» ም አትበል።

ለመርፌው የሚሆን ማዘዣ፦ 25 ወይም 27 ጌጅ (የመርፌው ቅጥነት)፣ በአልትራሳውንድ መሪነት። መጀመሪያ ያለ መሳብ ይሞከር፣ ደም የሚበዛው በሲሪንጅ ሲሳብ ነውና። መርፌው ኖዱሉ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ወደፊትና ወደኋላ ይመላለስ፣ ጫፉ ላይ ደም ከታየ ወዲያው ይውጣ። ከ2 እስከ 5 ጊዜ በተለያየ ቦታ። የስላይዱ ጫፍ ላይ ስምና ቁጥር በእርሳስ ይጻፍ፣ ብዕር በአልኮል ይታጠባል። በማዘዣው ላይ «ቀደም ሲል ቤተስዳ 3፣ የአደራደር አቲፒያ፣ ደም የበዛበት፣ ቲኤስኤች 1.8፣ መድኃኒት የለም፣ ታይ-ራድስ 4» ብለህ ጻፍ። የመጀመሪያዎቹ ስላይዶችም ከአዲሶቹ ጋር አብረው ይላኩ፣ ጎን ለጎን እንዲነበቡ።

ላብ ሠራተኛ፣ ሰበታ

ሁለቱም ዓይነት ይዘርጉ፣ ግማሹ 95% አልኮል፣ ግማሹ በአየር። ሲዘረጋ ሁለተኛውን ስላይድ በቀስታ ይጎተት እንጂ አይጫን፤ የተጨፈለቀ ኒውክለስ ሌላ አቲፒያ ነው። ፎርማሊኑን አሁንም ለብቻ።